የፍጥነት ካሜራና የአሽከርካሪዎች አመለካከት በብሪታንያ

የፍጥነት ካሜራ ከተፈቀደው ወሰን በላይ የሚሄድን መኪና ፍጥነት ለክቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ነው። ታርጋ አንባቢ ካሜራ ደግሞ በፊቱ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ የሰሌዳ ቁጥር በኮምፒዩተር አንብቦ የሚመዘግብ ነው። ሁለቱም ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራባቸዋል። በብሪታንያ ግን ረጅም ታሪክ ስላላቸው፣ ሕዝቡም ስለ እነርሱ ለብዙ ዓመታት ስለ ተከራከረ፣ አሽከርካሪዎች ስለ ካሜራ ያላቸውን አመለካከት ለመረዳት አገሪቱ ጥሩ ምሳሌ ናት።

አመለካከቱ በቀላሉ «ደጋፊ» እና «ተቃዋሚ» ተብሎ የሚከፈል አይደለም። በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች አብዛኛው ሰው የፍጥነት ካሜራን ይደግፋል፤ ያው ሰው የቅጣት ደብዳቤ ሲደርሰው ግን ሊያማርር ይችላል። ቅሬታው የሚበረታው ወይም የሚበርደው በአብዛኛው በአራት ጥያቄዎች መልስ ነው፦ ካሜራው ለምን ተተከለ? የቅጣቱ ገንዘብ የት ይገባል? ካሜራው በግልጽ ይታያል ወይስ ተደብቋል? ምንም ስላላጠፋው አሽከርካሪስ ምን ይመዘገባል?

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፍጥነት በብሪታንያ ልማድ በማይል ተጽፏል፤ 1 ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

## አመጣጥ

ለካሜራው መነሻ የሆነው ሰው ራሱ ፍጥነት ወዳድ ነበር። ሆላንዳዊው የመኪና ተወዳዳሪ ሞሪስ ጋትሶኒደስ (1911–1998) በ1953 የሞንቴ ካርሎን ራሊ በፎርድ ዜፈር መኪና አሸንፏል። የፍጥነት መለኪያውን መጀመሪያ የሠራው ፖሊስን ለመርዳት ሳይሆን፣ መታጠፊያ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ይበልጥ ለመፍጠን ነበር። በ1958 ጋትሶሜትር የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በብሪታንያም «ጋትሶ» የሚለው ቃል የፍጥነት ካሜራ የወል ስም እስከ መሆን ደረሰ።

በብሪታንያ የ1991 የመንገድ ትራፊክ ሕግ በካሜራ የተገኘ ማስረጃ በፍርድ ቤት ተቀባይነት እንዲያገኝ ፈቀደ። በ1992 የመጀመሪያው ጋትሶ በምዕራብ ለንደን፣ በትዊክንሃም ድልድይ ላይ ተተከለ።

ታርጋ አንባቢው ካሜራ ከዚያ ይቀድማል። በ1976 በብሪታንያ ፖሊስ የሳይንስ ምርምር ክፍል ተፈለሰፈ፤ ሙከራውም በኤ1 አውራ ጎዳናና በዳርትፎርድ ዋሻ ተካሄደ። በ1981 በዚሁ መሣሪያ የተሰረቀ መኪና ተገኝቶ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ተያዘ። በ1990ዎቹ የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር በለንደን የገንዘብ ተቋማት ሠፈር ቦምብ ካፈነዳ በኋላ፣ ወደ ሠፈሩ የሚያስገቡ መንገዶች በእነዚህ ካሜራዎች ተከበቡ። በፌብሩዋሪ 2003 ደግሞ ለንደን ወደ መሐል ከተማ ከሚገቡ መኪኖች የመጨናነቅ ክፍያ ማስከፈል ስትጀምር፣ የከፈለውንና ያልከፈለውን የሚለየው ታርጋ አንባቢው ካሜራ ሆነ።

## አሠራር

### በአንድ ቦታ የሚለካ ካሜራ

ጋትሶ የመኪናውን ፍጥነት በራዳር ይለካል። መኪናው ከወሰኑ ካለፈ ከኋላው በግማሽ ሴኮንድ ልዩነት ሁለት ፎቶግራፍ ያነሣል። አስፋልቱ ላይ በእኩል ርቀት የተቀቡ ነጭ መስመሮች ስላሉ፣ መኪናው በዚያች ግማሽ ሴኮንድ ምን ያህል እንደ ሄደ ከፎቶዎቹ ተቆጥሮ የራዳሩ ልኬት ይመሳከራል። ፎቶው የሚነሣው ከኋላ በመሆኑ የነጂው ፊት አይታይም። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር «ማን ነበር የነዳው?» የሚለውን የረጅም ጊዜ የሕግ ክርክር አስከትሏል።

የቀድሞዎቹ ካሜራዎች በፊልም ይሠሩ ስለ ነበር ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ሄዶ መቀየር ነበረበት። ካሜራ ውድ ስለ ነበረም ከተተከሉት ሣጥኖች ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ፤ አንዱ ካሜራ ከሣጥን ወደ ሣጥን ይዘዋወር ነበር። አሽከርካሪውም የትኛው ባዶ እንደ ሆነ ስለማያውቅ ሁሉም ጋ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። በኋላ ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ይህ ችግር ተወገደ።

### አማካይ ፍጥነት የሚለካ ካሜራ

ከ1999 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ዘዴ የፍጥነት ካሜራንና ታርጋ አንባቢን ያጣመረ ነው። አንዱ ካሜራ መኪናው ሲገባ ታርጋውንና ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ሌላው ራቅ ብሎ ሲወጣ ይመዘግባል። ኮምፒዩተሩ ርቀቱን ለጊዜው ያካፍላል። ለምሳሌ በሁለቱ ካሜራዎች መካከል 2 ማይል ቢኖርና ወሰኑ በሰዓት 50 ማይል ቢሆን፣ ሕግ ያከበረ መኪና ያን ርቀት ለመጨረስ ቢያንስ 2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይወስድበታል። በ2 ደቂቃ የደረሰ በአማካይ በሰዓት 60 ማይል ነድቷል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ካሜራው ጋ ሲደርሱ ብቻ ፍሬን መያዝ አይጠቅምም።

### ታርጋ አንባቢ ካሜራ

ካሜራው ሌሊትም እንዲያይ ብዙ ጊዜ በኢንፍራሬድ ብርሃን ይታገዛል። ከምስሉ ታርጋው ያለበትን ቦታ ይለያል፤ ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ያነብባል፤ ከዚያም ከዝርዝር ጋር ያስተያያል። ዝርዝሩ የተሰረቁ፣ ኢንሹራንስ የሌላቸው ወይም ፖሊስ የሚፈልጋቸው መኪኖች ነው። በዝርዝሩ ያለ ታርጋ ሲያልፍ ወዲያው በአቅራቢያ ላለ ፖሊስ ማስጠንቀቂያ ይደርሳል። በጭቃ የተሸፈነ ታርጋ ወይም ያለ ቦታው የተመታ ብሎን ግን ንባቡን ሊያሳስት ይችላል።

## የቅጣቱ ሥርዓት

በእንግሊዝና በዌልስ በካሜራ የተያዘ መኪና ባለቤት በ14 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ይላክለታል። ባለቤቱም በዚያ ሰዓት መኪናውን የነዳው ማን እንደ ነበር የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ዝቅተኛው ቅጣት 100 ፓውንድና በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ 3 የጥፋት ነጥብ ነው፤ እስከ 2013 ድረስ ገንዘቡ 60 ፓውንድ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለስድስት ወር ከመንዳት ይታገዳል። ወሰኑን በጥቂቱ ያለፈ ሰው ነጥብ ሳይመዘገብበት የፍጥነት ትምህርት እንዲወስድ ሊፈቀድለት ይችላል፤ ክፍያው ግን የራሱ ነው።

ኑሮው በመኪና ለሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ለታክሲና ለጭነት መኪና ነጂ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ነጥቡ ይከብዳል። 12 ነጥብ ማለት ሥራ ማጣት ሊሆን ይችላልና።

ነጥብን መፍራት ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚያሳይ የታወቀ ጉዳይ አለ። የብሪታንያ የኢነርጂ ሚኒስትር የነበረው ክሪስ ሂዩን በ2003 በፍጥነት ካሜራ ተይዞ ሳለ፣ ነጥቡ በወቅቱ ባለቤቱ በነበረችው በቪኪ ፕራይስ ስም እንዲመዘገብ ተደረገ። ነገሩ ከዓመታት በኋላ ተጋልጦ፣ በማርች 2013 ሁለቱም የፍትሕን ሥራ በማሰናከል ወንጀል እያንዳንዳቸው የስምንት ወር እስራት ተፈረደባቸው።

## አራት ዓይነት አሽከርካሪዎች

የብሩኔል ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ጥናት ተመራማሪ ክሌር ኮርቤት በ1990ዎቹ አሽከርካሪዎች ለካሜራ የሚሰጡትን ምላሽ አጥንታ በአራት ከፍላዋለች።

የመጀመሪያዎቹ ሕግ አክባሪዎች ናቸው፤ ካሜራ ኖረም አልኖረም ወሰኑን ጠብቀው ይነዳሉ። ሁለተኛዎቹ ፈሪዎች ናቸው፤ ካሜራ በመኖሩ ምክንያት ፍጥነታቸውን ቀንሰዋል። ሦስተኛዎቹ ብልጣ ብልጦች ናቸው፤ ካሜራው ጋ ሲደርሱ ፍሬን ይይዛሉ፣ ሲያልፉት እንደገና ይፈጥናሉ። አራተኛዎቹ ደንታ ቢሶች ናቸው፤ ካሜራው እያለም ከወሰኑ በላይ ይነዳሉ።

ይህ ክፍፍል የሚጠቅመው አንድ ዓይነት እርምጃ በሁሉም ላይ እኩል እንደማይሠራ ስለሚያሳይ ነው። ካሜራ ለመጀመሪያዎቹ አያስፈልግም፤ ሁለተኛዎቹን ይለውጣል፤ ሦስተኛዎቹን ለጥቂት ሜትር ብቻ ይገታል፤ አራተኛዎቹን ግን ከመንገድ የሚያስወጣቸው የነጥቡ መከማቸት ነው። በካሜራ አጠገብ ፍሬን ይዞ ወዲያው መፍጠን በብዙ አገር «የካንጋሮ ውጤት» ይባላል። ድንገተኛ ፍሬን ከኋላ የሚመጣውን መኪና ለግጭት ሊዳርግ ስለሚችል፣ ተቃዋሚዎች ይህን ካሜራው ራሱ አደጋ ያመጣል ለሚለው ክርክራቸው ይጠቅሱታል።

## የቅሬታ ምክንያቶች

«ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» የሚለው ቅሬታ ከሁሉ ይበልጥ ይሰማል። መጀመሪያ የቅጣቱ ገንዘብ ሁሉ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ከ2000 ጀምሮ በስምንት አካባቢዎች በተደረገ ሙከራ፣ ፖሊስና የአካባቢ ምክር ቤቶች የካሜራውን ወጪ ከቅጣቱ ገንዘብ እንዲሸፍኑ ተፈቀደ፤ አሠራሩም በኋላ በአገር ደረጃ ተስፋፋ። የካሜራው ቁጥር በፍጥነት ስለ ጨመረ ብዙ አሽከርካሪዎች የተተከለው ለደኅንነት ሳይሆን ለገቢ ነው ብለው አመኑ። መንግሥት ለዚህ መልስ እንዲሆን ቋሚ ካሜራ የሚተከለው ከባድ አደጋ በተደጋገመበት ቦታ እንዲሆን፣ ሣጥኑም ከሩቅ እንዲታይ ቢጫ እንዲቀባ ደንብ አወጣ። በ2007 ደግሞ ወጪን ከቅጣት የመሸፈኑ አሠራር ቀረ። ጥርጣሬው ግን አብሮ አልጠፋም።

ሁለተኛው ምክንያት ሰው ስለ ራሱ ያለው ግምት ነው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦላ ስቬንሰን በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ ከተጠየቁት አሜሪካውያን 93 በመቶ፣ ከስዊድናውያኑ ደግሞ 69 በመቶ የመንዳት ችሎታቸው ከመካከለኛው አሽከርካሪ እንደሚበልጥ ተናግረዋል። እንዲህ የሚያስብ ሰው የፍጥነት ወሰን የተደነገገው ለሌላው እንጂ ለእርሱ አይመስለውም። ስለዚህ «ካሜራ ያስፈልጋል» እና «እኔን መቅጣቱ ግፍ ነው» የሚሉት ሁለት አሳቦች በአንድ ሰው አእምሮ ያለ ጠብ ይኖራሉ።

ሦስተኛው ካሜራ ማመዛዘን አይችልም የሚለው ነው። ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን አቁሞ ያነጋግራል፤ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ይዞ የሚሮጠውን ለይቶ ሊያሳልፍ፣ የሰከረውንም ሊይዝ ይችላል። ካሜራው የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ደጋፊዎች በአንጻሩ ይህን እንደ ጥቅም ያዩታል፤ ካሜራ በፊት፣ በቆዳ ቀለምና በመኪና ዋጋ አያዳላምና።

አራተኛው የሕግ ጥያቄ ነው። ባለቤቱ የነዳውን ሰው እንዲናገር መገደዱ በራስ ላይ ያለመመስከር መብትን ይጥሳል ተብሎ ጉዳዩ ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2007፣ መኪና የሚይዝና የሚነዳ ሰው ከሥራው ጋር የሚመጡ ግዴታዎችንም እንደ ተቀበለ ይቆጠራል በማለት መብቱ አልተጣሰም ሲል ወሰነ።

ተቃውሞው አንዳንድ ጊዜ ከቃል አልፏል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰዎች በካሜራ ላይ ጎማ አንጠልጥለው አቃጥለዋል፣ ሌንሱን ቀለም ቀብተዋል፣ ምሰሶውንም ቆርጠው ጥለዋል።

## ካሜራው ሕይወት ያድናል?

በ2005 የታተመ፣ ከ4,000 በላይ የካሜራ ቦታዎችን ያካተተ የአራት ዓመት ጥናት፣ በእነዚያ ቦታዎች የሞቱና ክፉኛ የቆሰሉ ሰዎች ቁጥር በ42 በመቶ መቀነሱን ገለጸ። ነገር ግን ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባም። ካሜራ የሚተከለው አደጋ በበዛበት ቦታ ነው፤ በአንድ ወቅት አደጋ ከወትሮው የበዛበት ቦታ ደግሞ ምንም ሳይደረግለትም በቀጣዩ ጊዜ ወደ ተለመደው መጠን የመመለስ ዝንባሌ አለው። በስታቲስቲክስ ይህ ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። የጥናቱ አባሪ ራሱ ይህ ተቀንሶ ሲሰላ የካሜራው ድርሻ በእጅጉ እንደሚያንስ አሳይቷል። ተቃዋሚዎች ይህን ነጥብ አጥብቀው ይዘዋል፤ በዚህም ትክክል ነበሩ። «ያንሳል» ማለት ግን «የለም» ማለት አይደለም።

በ2013 ፕሮፌሰር ሪቻርድ ኦልሶፕ ለአርኤሲ ፋውንዴሽን ባደረጉት ጥናት በዘጠኝ አካባቢዎች ያሉ 551 ካሜራዎች ተመርምረው፣ ሞትና ከባድ ጉዳት ያስከተሉ ግጭቶች በአማካይ በ22 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። በ21 ቦታዎች ግን ግጭቱ ጨምሮ ስለ ተገኘ፣ ባለ ሥልጣናቱ እነዚያን ቦታዎች እንደገና እንዲመረምሩ ተመክሯል። ከተለያዩ አገሮች 35 ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረው የ2010 የኮክሬን ግምገማም፣ በካሜራ አቅራቢያ ሞትና ከባድ ጉዳት ያስከተሉ አደጋዎች ከ11 እስከ 44 በመቶ መቀነሳቸውን መዝግቧል።

ካሜራ ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በኦገስት 2010 በጀት ስለ ተቀነሰ የኦክስፎርድሽር ካሜራዎች ተዘጉ። በካሜራዎቹ አጠገብ የሚፈጥኑ መኪኖች በዙ፤ በኤፕሪል 2011 ካሜራዎቹ እንደገና ተከፈቱ።

## የኤ9 መንገድ ምሳሌ

በስኮትላንድ የኤ9 መንገድ ከደንብሌን እስከ ኢንቨርነስ ያለው ክፍል በአደገኛነቱ የታወቀ ነው። በኦክቶበር 2014 አማካይ ፍጥነት የሚለኩ ካሜራዎች ከመተከላቸው በፊት ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ተቃዋሚዎቹ ነጂዎች እንደሚሰላቹ፣ ኢኮኖሚውም እንደሚጎዳ፣ የሚያስፈልገው መንገዱን ማስፋት እንደሆነ ተከራከሩ። ካሜራዎቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ግን ከወሰን በላይ የሚነዱ መኪኖችና በመንገዱ የሚሞቱና የሚቆስሉ ሰዎች ቁጥር ቀነሰ። በ2016 የወጣ የአርኤሲ ፋውንዴሽን ጥናትም በብሪታንያ እንዲህ ያሉ ካሜራዎች በተተከሉባቸው መንገዶች ሞትና ከባድ ጉዳት ያስከተሉ ግጭቶች በ36 በመቶ ያህል መቀነሳቸውን አሳይቷል።

ብዙ አሽከርካሪዎች ይህን ዓይነት ካሜራ በአንድ ቦታ ከሚለካው ይልቅ ፍትሐዊ አድርገው ያዩታል። ለቅጽበት የተዘናጋውን ሳይሆን ለረጅም ርቀት የፈጠነውን ይይዛል፤ ለብልጣ ብልጡም መንገድ አይከፍትም።

## የተለየው የታርጋ ንባብ ጥያቄ

የፍጥነት ካሜራ የሚይዘው ያጠፋውን ነው። ታርጋ አንባቢው ግን ያጠፋውንም ያላጠፋውንም ይመዘግባል። የብሪታንያ ፖሊስ ሥርዓት በቀን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ንባብ ይቀበላል፤ አብዛኛው ምንም ያላጠፉ ሰዎች ጉዞ ነው። ለወንጀል ምርመራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በዚያው ልክ ማን መቼ የት እንደ ሄደ የሚናገር ትልቅ መዝገብ ነው። በዚህ ምክንያት በፍጥነት ካሜራ ላይ ቅሬታ የሌለው ሰው ታርጋ አንባቢውን ሊፈራው ይችላል።

ሁለት ጉዳዮች ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በ2010 በበርሚንግሃም ከተማ ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባቸው የስፓርክብሩክና የዋሽዉድ ሂዝ ሠፈሮች ከ200 በላይ ካሜራዎች ተተከሉ፤ ብዙዎቹ ታርጋ አንባቢዎች ሲሆኑ የተደበቁም ነበሩባቸው። ለነዋሪው የተነገረው ወንጀልን ለመከላከል እንደ ሆነ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ከፀረ ሽብር በጀት የወጣ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ገለልተኛ ምርመራም ፖሊስን ክፉኛ ነቀፈ። ፖሊስ ይቅርታ ጠየቀ፤ ካሜራዎቹም በ2011 ተነቀሉ።

ሁለተኛው በሄርትፎርድሽር የምትገኘው የሮይስተን ከተማ ናት። ካሜራዎቹ በሁሉም መግቢያና መውጫ ስለ ተተከሉ ሳይመዘገቡ መግባትም ሆነ መውጣት አይቻልም ነበር። በ2013 የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሩ ይህ ከሚያስፈልገው በላይና ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። ውሳኔው ካሜራውን ከነጭራሹ አልከለከለም፤ እያንዳንዱ ካሜራ የሚተከልበት በቂ ምክንያት መቅረብ እንዳለበት ግን አረጋገጠ።

ሌላው ችግር የታርጋ ማስመሰል ነው። ወንጀለኛ የሌላን ሰው የሰሌዳ ቁጥር አሠርቶ በራሱ መኪና ላይ ሲለጥፍ፣ የቅጣቱ ደብዳቤ የሚደርሰው ለንጹሑ ባለቤት ነው። እርሱም በዚያ ቀን በዚያ ቦታ እንዳልነበረ ማስረጃ ለማቅረብ ይገደዳል።

ታርጋ አንባቢው ለክፍያ መሰብሰቢያ ሲውል ቅሬታው ይብሳል። በኦገስት 2023 የለንደን የአየር ብክለት ክፍያ ክልል ከተማዋን በሙሉ እንዲያካትት ሲስፋፋ፣ የብክለት ደረጃውን የማያሟላ መኪና የያዘ ሰው በቀን 12.50 ፓውንድ እንዲከፍል ሆነ። አሮጌ መኪናውን ለመለወጥ አቅም የሌለው ሰው ነገሩን የደሀ ቅጣት አድርጎ አየው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎች ተሰበሩ ወይም ተሰረቁ። ከማስፋፋቱ በፊት በጁላይ በአክስብሪጅ የተካሄደው የማሟያ ምርጫ በ495 ድምፅ ብቻ ሲወሰን፣ ብዙዎች ምክንያቱን ለዚሁ ክፍያ ሰጥተውታል።

## አመለካከትን የሚለውጡ ነገሮች

ከብሪታንያ ልምድ እንደሚታየው፣ ካሜራ ተቀባይነት የሚያገኘው የተተከለበት ምክንያት በግልጽ ሲነገርና በዚያ ቦታ የደረሰው አደጋ ለሕዝብ ሲገለጽ ነው። የፍጥነት ወሰኑ ራሱ ከመንገዱ ጋር የማይስማማ መስሎ ከታየ ግን ቁጣው ካሜራው ላይ ያርፋል። ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ ትምህርት የተሰጣቸው ሰዎች በቀጣዮቹ ዓመታት እንደገና ከወሰን በላይ ሲነዱ የመገኘታቸው ዕድል አነስ ብሎ መገኘቱም ለዚህ ይጠቀሳል።

የታርጋ ንባብ ግን ተጨማሪ ሁኔታ አለው። የመዝገቡ ዓላማ፣ የሚቆይበት ጊዜና ሊያየው የሚችለው ሰው በሕግ መወሰን አለበት። በበርሚንግሃም ሕዝቡን ያስቆጣው ካሜራ መኖሩ ብቻ ሳይሆን እውነቱ ተደብቆበት መቆየቱ ነበር፤ በኤ9 ደግሞ አስቀድሞ የተቃወመው አሽከርካሪ ቢጫውን ምሰሶ እያየ፣ ውጤቱም በየጊዜው እየተነገረው ከካሜራው ጋር ተላምዷል።